አሸዋና ጉም

የአባቷን ኮት በመስኮት አውጥታ ስታራግፈው ክኒኖቹ እንደ በረዶ ረገፉ። አንዳንዶቹ የመስኮቱን ደፍ ነጥረው አለፉ፤ ሌሎቹ ድምፅ ሳያሰሙ ወደ ጓሮው ሣር ወረዱ። አንዱ ብቻ፣ ምን እንደያዘው እንጃ፣ እጅጌው እጥፋት ውስጥ ተኝቶ ቀረ። በሁለት ጣቷ አነሳችው። ነጭ ነው፣ ክብ ነው፣ መሐሉ ላይ ቀጭን መስመር አለው። አላጣችውም። እሷው በምትሠራበት ፋብሪካ፣ እሷው ከቀላቀለችው ዱቄት የተጠፈጠፈ ነው።

ውጭው ገና አልጠራም። ጭጋጉ ጣሪያዎቹን ውጦ የቴሌቪዥን አንቴናዎቹን ብቻ አስተርፏል፤ ሰፈሩ ገና ሕልሙን ያልጨረሰ ይመስላል። ከኋላዋ አባቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ይተነፍሳል። የእሱን መተንፈስ ሳይሰሙ እዚያ ቤት መኖር አይቻልም። እንደ አሮጌ ወናፍ ነው፤ ሲስብ ያፏጫል፣ ሲመልስ ያንሾካሹካል።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ክኒን ነዋ።»

«ክኒንነቱንማ አየሁት። ኮት ኪስ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ያርፋል» አላት። «እኔ ውስጥ ገብቶ ከሚደክም ብዬ ነው።»

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ዋጠችው። ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ ሰው ነው። የከተማው ሰው ግማሹ ቤቱ ሲገባ እሱ የጠረበውን ደረጃ ይረግጣል፤ መቃብር የወረደውም ቢሆን እሱ የጠረበውን ተንተርሷል። ድንጋዩ ግን ዝም ብሎ አልተጠረበለትም። ትንሽ ትንሹን እየላከ ደረቱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ሐኪሙ በብርሃን ሰሌዳ ላይ የሰቀለውን የራጅ ፎቶ እሷም አይታዋለች፤ ሳንባው ጭጋግ ያረፈበት ሸለቆ ይመስል ነበር። ክኒኑን ያዘዘው ያው ሐኪም ነው። «ደረታቸውን መመለስ አልችልም» ብሏት ነበር ኮሪደር ላይ ለብቻዋ፤ «ሥጋ ግን መልበስ አለባቸው። ክረምቱ በዚህ አቅማቸው ከያዛቸው ተራ ጉንፋን ይበቃቸዋል።» ክረምቱ ደግሞ እየመጣ ነው። አባቷ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በምስማር የበሳው በቅርቡ ነው።

«ለምንድን ነው የማትውጠው?»

ጠራቢው ከትራሱ ሥር የክኒኑን ጠርሙስና የማጉያ መነጽሩን አወጣ። ሲዘጋጅበት እንደከረመ ያስታውቃል። ጠርሙሱን አዙሮ አዙሮ ከጽሑፉ መጨረሻ ያለው ቃል ላይ ጣቱን አሳረፈ። ጣቱ ወፍራም ነው፤ ቃሉን ሙሉ በሙሉ ሸፈነው፤ እንደገና አነሳው።

«አንብቢው።»

«ሲሊከን ዳይኦክሳይድ።»

«ይሄን ስም አውቀዋለሁ። ሐኪሙ ደረቴን ያሳየኝ ቀን የጠራልኝ ስም ነው። ሲሊካ። አሸዋ!» ትንፋሽ አጠረውና ቆመ፤ እጁን አንስቶ እንድትጠብቀው ለመናት፤ ጠበቀችው። «ደረቴን ያለ ኪራይ ወረሰው። አሁን ደግሞ ሆዴን ላስረክበው?»

«አባባ፣ እሱ እኮ ዱቄቱ እንዳይጓጉል የሚገባ ነገር ነው። ጨው ውስጥም አለ፣ የዱቄት ወተት ውስጥም አለ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ወረቀቱ ይኸው ይዞታል። እኔም ይዣለሁ።»

ልትከራከረው አፏን ከፈተች፤ ግን ተወችው። ኮቱን አለበሰችው፤ ትከሻው ባዶ ማንጠልጠያ ላይ የተሰቀለ ይመስል ሰፋው። አንገትጌውን አቃናችለት።

«ተነስ» አለችው። «ዛሬ ሥራ አብረን ነው የምንሄደው። ከእኔ አፍ ካልተቀበልክ ከሚያውቀው ሰው አፍ ስማ።»

እምቢ ይለኛል ብላ ነበር። እሱ ግን ይህን ቀን ሲጠብቅ እንደቆየ ሰው ጫማውን ፈለገ።

አውቶቡሱ በጭጋጉ ውስጥ እየዋኘ ሄደ። መብራቶች ከሩቅ ብቅ ይላሉ፣ ይቀርባሉ፣ ይሟሟሉ። ጠራቢው መስኮቱን በእጅጌው እየወለወለ ወደ ውጭ ያያል። አንድ ቦታ ላይ «ያ የእኔ ነው» አላት። ዞር ስትል ደረጃውም ሕንፃውም በጭጋግ ተሸፍኖ ነበር፤ ምንም አላየችም። ቢሆንም «ያምራል» አለችው።

ፋብሪካው የቫይታሚንና የማዕድን ዱቄት፣ ክኒንና እንክብል ይሠራል። የጥራት ክፍሉ ሠራተኛ ረዥም፣ ጎበጥ ያለ ወጣት ነው፤ ሁሉም «ቀማሚው» ይለዋል። ዱቄት ቀላቃይዋ ልጅ ከአውቶቡስ ደውላለት ስለነበር በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ሽማግሌውን ደግፎ ወደ ቤተ ሙከራው አስገባው፤ የራሱን ወንበር ለቀቀለት፤ ውኃ ሰጠው፤ ትንፋሹ እስኪመለስ ድረስ ስለ ዝናቡ አወራው። ቀላቃይዋ ይህንን አልረሳችለትም።

ከዚያ ሁለት ብርጭቆ አመጣ።

«አባት፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቫይታሚን ነው። ለራሴ ፍተሻ ብዬ ከትናንት ጀምሮ ሁለቱንም ክዳን ሳላደርግ መስኮቱ ላይ አሳድሬያቸው ነበር። ይገልብጧቸው እስቲ።»

ጠራቢው የመጀመሪያውን ገለበጠ። ዱቄቱ እንደ ውኃ ፈሰሰና ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ኮረብታ ሠራ። ሁለተኛውን ሲገለብጥ ግን ምንም አልመጣም። ነቀነቀው። ጥቅጥቅ ያለ ጓል ዱብ አለ። አነሳውና መዳፉ ላይ አገላበጠው።

«ይሄማ ለመሠረት ይሆናል» አለ።

ቀማሚው ሳቀ። «ልክ ነዎት። እርጥበት የጠጣ ዱቄት እንዲህ ነው። ከዚህ ክኒን ብሠራ አንዱ ክኒን ውስጥ መድኃኒቱ ይበዛል፣ ሌላው ውስጥ ባዶ ይሆናል። አንዱ ሰው ይታመማል፣ ሌላው አይድንም። ያ የሚፈሰው ውስጥ ያለችው ሲሊካ ናት ይህን የምትከለክለው። እርጥበቱን እሷ ትጠጣለች፤ ቅንጣቶቹ መሐል ገብታ እንዳይጣበቁ ታንሸራትታቸዋለች። ብዙም አይደለችም፤ እኛ ቤት ከመቶ አንድ እጅ አትሞላም።»

«አሸዋ ናት ወይስ አይደለችም? እሱን ንገረኝ፣ ልጄ።»

ቀማሚው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ከሽማግሌው ዓይን ጋር ተስተካከለ።

«ከአሸዋ ጋር ዘመድ ናት። አያታቸው አንድ ነው። ግን እርስዎ ሲጠርቡ የሚቦነው ድንጋይ ቅንጣቱ ጠርዝ አለው፤ በማጉያ ቢያዩት እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ነው። እሱ ነው ሳንባ ውስጥ ተሰክቶ የሚቀረው። ይህችኛዋ በሰው እጅ የተሠራች ናት፤ ያ ስለት የላትም። በሆድ ትገባለች፣ አብዛኛዋ እንደገባች ትወጣለች። ብዙ ዘመን ተበልታለች፣ ብዙም ተመርምራለች። ምርመራው አልቋል ብዬ ግን አልዋሽዎትም፤ በጣም ደቃቅ የሆነውን ቅንጣቷን ዛሬም የሚያጠኑ አሉ፤ ማጥናታቸውም ደግ ነው። እስካሁን የታወቀው ግን በዚህ መጠን ለሚውጣት ሰው እንደማታሰጋ ነው።»

«አንተስ? ትውጣታለህ?»

«እናቴም ትውጣታለች።»

ጠራቢው ጓሉን መዳፉ ላይ መዘነው። ሲያስብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። በመጨረሻ ጓሉን በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«እሺ» አለ። «ተቀብያለሁ።»

ቀላቃይዋ ከጠዋት ጀምሮ የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀች። ክኒኑን ከቦርሳዋ ልታወጣ ስትል ግን እጇን ያዛት።

«ቆይ። መጀመሪያ የምትሠሪበትን አሳዪኝ።»

የመቀላቀያው ክፍል ግድግዳ ከወገብ በላይ መስታወት ነው። ቀማሚው ጠራቢውን ከመስታወቱ ውጭ ኮሪደሩ ላይ አቆመው፤ ቀላቃይዋ ነጭ ልብሷን ለብሳ ገባች። ትልቁ በርሜል ተከፍቶ ይጠብቃታል። ከጎኑ የዚያች የሲሊካ ዱቄት ከረጢት ቆሟል።

ሠራተኛው «ጉሙ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ያየው ሁሉ ግን ሌላ ስም አይፈልግለትም። ከረጢቱ በቁመት ልጅ ያህላል፣ በክብደት ትራስ። አፉ ሲከፈት ዱቄቱ አይወርድም። ልውረድ ወይስ ልቅር እያለ አየር ላይ ያመነታል፤ ከዚያ ዘርጋ ይልና ክፍሉን ይሞላዋል። የመብራቱ ጨረር ወተት ይሆናል። ድምፅ ሁሉ ይለሰልሳል። ቀላቃይዋ ይህን ሰዓት ትወደዋለች። ከሰው ሁሉ፣ ከጉዳይ ሁሉ ትርቃለች፤ እግሯ ወለሉን የረሳ ይመስላታል። ልጅ ሆና ደመና ላይ የምትተኛበት ሕልም ነበራት፤ አሁን ትልቅ ሰው ሆና ሕልሟ ውስጥ የተቀጠረች ይመስላታል።

የአፍ መሸፈኛዋ አገጯ ሥር ተንጠልጥሏል። ሲጀመር ታደርገው ነበር። በትንፋሿ እየራሰ ያፍናታል፤ ደግሞ ስትሠራ ማንጎራጎር ትወዳለች፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ወደ ታች ወረደ። ጣሪያው ላይ አቧራ የሚስብ ማራገቢያ አለ። እሱም ጉሙን በርሜሉ ጋ ሳይደርስ እየዋጠ አስቸገረ ተብሎ፣ የክፍሉ ሹም «ለጊዜው ይጥፋ» አሉ። «ለጊዜው» የሚሉት ነገር ደግሞ ዕድሜው ረዥም ነው።

ከረጢቱን አቀፈችው። አፉን ከፈተችው። ጉሙ ተነሳ። እያንጎራጎረች አካፋዋን ሰደደች።

መጀመሪያ ድምፁ ከበርሜሉ የመጣ መሰላት። ቀና ስትል፣ ከነጩ ባሻገር፣ መስታወቱ ላይ ሁለት መዳፍ አየች። አባቷ መስታወቱን እየደበደበ ነው። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ቃሉ ግን ወደ እሷ አይደርስም። ፊቱ በጉሙ ውስጥ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ይመጣል። ሮጣ ወጣች።

ቀማሚው በሁለት ክንዱ ደግፎታል። ጠራቢው አየር ይፈልጋል፤ ያልሞላለትን እየሳበ፣ ያለችውን በቃል እያወጣ።

«አድርጊው... አፍሽን... ሸፍኚ...»

«አባባ፣ ምንም አይደለም! አሁን እኮ ነገረህ። ስለት የላትም። ተቀብያለሁ አላልክም?»

«መዋጡን ነው የተቀበልኩት» አለ ትንፋሹ ሲመለስለት። ግድግዳውን ተደግፎ ተንሸራተተና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እሷም አጠገቡ ተንበረከከች። የዓይኖቿ ሽፋሽፍት ነጭ ነበሩ፤ በአውራ ጣቱ ጠረገላት፣ አንዱን ከዚያ ሌላውን። «እኔን የገደለኝ የዋጥኩት አይደለም። የተነፈስኩት ነው። ማታ ስትገቢ ፀጉርሽ ሥር ነጭ አያለሁ። ማለዳ ስትስዪ በግድግዳው እሰማሻለሁ። ደረቅ ናት፣ አጭር ናት። ያቺን ሳል አውቃታለሁ፤ እኔ ጋ ስትመጣም እንደ እንግዳ በሩን ቆርቁራ ነው የመጣችው። ክኒኑን ወደ አፌ ባስጠጋሁት ቁጥር ምን እንደሚታየኝ ታውቂያለሽ? አንቺ ነሽ የምትታዪኝ። ልጄ እየሳለች የሠራችውን ውጬ እኔ ልወፍር?»

ቀላቃይዋ ወደ ቀማሚው ቀና አለች። እንዲያግዛት ነበር። «ንገረው እንጂ» የምትለው በዓይኗ ነው።

ቀማሚው ግን አላገዛትም። የፊቱ ቀለም ጠፍቷል። እሱ የሚያውቀው በብርጭቆ የተለካችውን ጉም እንጂ ክፍል የሞላችውን አልነበረም፤ ወደዚህ ኮሪደር ዝቅ ብሎ የሚያውቅ አይመስልም።

«እኔ ለመዋጥ ነው ያልኩት» አለ ቀስ ብሎ። «ለመተንፈስ አላልኩም። የእርሳቸውን ዓይነት በሽታ አታመጣም ይባላል፤ ቢሆንም ማንም ደረት አቧራ እንዲኖርበት አልተሠራም። ማራገቢያው... ማራገቢያው ለምንድን ነው የማይዞረው?»

በመስታወቱ ማዶ ጉሙ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ በርሜሉን፣ አካፋውን፣ እሷ የቆመችበትን ቦታ ያለብሳል። ቀላቃይዋ እዚያ ውስጥ ሳትሆን ከውጭ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። ቆንጆ ነው። እንደ ወትሮው ቆንጆ ነው። ያስፈራትም እሱ ነው፤ የሚያባብል ነገር ውስጥ ስትተነፍስ ኖራ ደረቷ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቃትም ነበር።

ሹሙ መጡ። ወፍራም፣ ቶሎ የሚያልባቸው፣ ክፋት የሌለባቸው ነገር ግን ሁልጊዜ የሚቸኩሉ ሰው ናቸው።

«ምን ሆናችሁ? በርሜሉ ለምን ቆመ? መኪናው በር ላይ ቆሞ እኮ ነው!»

ቀላቃይዋ ተነሳች። ጉልበቷ ላይ ያለውን ነጭ አላራገፈችም።

«አለቃ፣ ማራገቢያው ይዙር።»

«ይሠራል፣ ይሠራል። ለጊዜው ይሄን ጨርሺና...»

«ለጊዜው አይደለም። ካልዞረ ከረጢት አልከፍትም። ትንፋሽ የማያፍን መሸፈኛም ይምጣ፤ ለእኔ ብቻ ሳይሆን በየፈረቃው ለሚገባው ሁሉ።»

«ዛሬ? አንቺ ልጅ፣ ዛሬ?»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አለቃ» አለች። «እኔ አፍስሼ የምለቅመው ዱቄት ቢሆን ግድ የለኝም። ትንፋሽ ግን ተለቅሞ አይመለስም። ይኸው አባቴን ይጠይቁ።»

ሹሙ ወለሉ ላይ የተቀመጠውን ሽማግሌ ገና አሁን አዩት። አፋቸውን ከፈቱ። ጠራቢው ተነፈሰ። ያ ፉጨት፣ ያ ማንሾካሾክ ኮሪደሩን ሞላው። ከማሸጊያው ክፍል ሁለት ሴቶች አንገታቸውን ብቅ አድርገው ሲያዳምጡ ቆዩ፤ ከዚያ አንደኛዋ ጓንቷን አውልቃ በሩ ላይ ቆመች። ሌላዋም ቆመች።

ሹሙ ላባቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ቀማሚውን አዩ፤ ቀማሚው ዓይኑን አልሰበረላቸውም። «የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ልጥራው» አሉ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው። «ካልመጣ ግን...» ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት ሄዱ። ያ «ካልመጣ ግን» ኮሪደሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ቀላቃይዋ ነገ ሥራ ይኑራት አይኑራት እዚያ ውስጥ ነበር።

አባትና ልጅ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጭጋጉ መበታተን ጀምሯል። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ከመሬቱ የሚነሳ ይመስላል። በር ላይ የቆመው መኪና ሾፌር መሪው ላይ ተደፍቶ እንቅልፉን ይለጥጣል። ጠራቢው ሳትጠይቀው እጁን ዘረጋ። ክኒኑን ሰጠችው፤ በውኃ ዋጠው፤ ጉሮሮው ሲወጣና ሲወርድ አየች። ፊቱን አኮማተረ።

«ምን አለ?»

«ምንም» አለ። «እኔማ እስከዛሬ ምን ጣዕም አለው ብዬ ነበር የምፈራው።»

ሳቁ። የእሷ ሳቅ ግን ሳል ሆነባት። ደረቅ፣ አጭር። አፏን ሸፈነች፤ ግን ሰምቷታል።

ጠራቢው ወደ እሷ ዞረ። ከሐኪም ቤት ኑሮው ብዙ ነገር አይቷል፤ አሁን ሊያደርግ የተነሳውን ግን ያመጣው ከራሱ ሙያ ነው። ጠራቢ ድንጋይ ላይ መሮውን ከማሳረፉ በፊት ያንኳኳዋል። ጤነኛ ድንጋይ ይዘምራል። ውስጡ ስንጥቅ የገባበት ከላይ የቱንም ያህል ቢያምር ድምፁ ይታፈናል፤ ጆሮው ያልሠለጠነ ሰው አይለየውም።

«ጀርባሽን ስጪኝ» አላት።

ጀርባዋን ሰጠችው። ነጩን ልብሷን ከትከሻዋ ዝቅ አደረገ፤ የመሐል ጣቱን አጥፎ በአንጓው ከትከሻዋ ሥር ቀስ ብሎ መታ። ትንሽ ወረደና ደግሞ መታ። ከዚያ ጆሮውን ጀርባዋ ላይ ለጠፈ። ጆሮው ቀዝቃዛ ነው፤ ጺሙ ይኮሰኩሳታል። የራሱን ትንፋሽ ለእሷ ሲል ያዘው፤ በስንት ጊዜው ያ ፉጨት ጠፋ፤ ግቢው በሙሉ ጸጥ አለ።

«ተንፍሺ።»

ተነፈሰች።

«ደግሞ። በረዥሙ።»

ዛፉን፣ ብርሃኑን፣ እርጥቡን መሬት አብራ እንደምትስብ አድርጋ በረዥሙ ሳበች፤ መለሰች።

«አባባ» አለች ሳትዞር። «ምን ሰማህ?»

«ዝም በይ» አላት። «ገና እየሰማሁ ነው።»